«ድሮም ነበሩ»፦ የወርቅ ለባሾቹ ዘቦች ሙግት

በኤፕሪል 2024 (ዘመናቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በወጣ የዋርሃመር 40,000 ጨዋታ መጽሐፍ ውስጥ ካላዴስ ታውሮቫሊያ ኬሽ የምትባል ወታደር ብቅ አለች። የተሰጣት ቦታ ከአንድ አጭር ትረካ አያልፍም። መጽሐፉ የሰውን ዘር ንጉሠ ነገሥት ለሚጠብቁት 10 ሺህ የአዴፕተስ ኩስቶዴስ ዘቦች የተዘጋጀ ሲሆን፣ እስከዚያ ድረስ በጽሑፍ የሚታወቁት ዘቦች በሙሉ ወንዶች ነበሩ። አሳታሚው ጌምስ ወርክሾፕ ሲጠየቅ በኤክስ ገጹ የሰጠው መልስ፣ ሴት ዘቦች ከመጀመሪያዎቹ 10 ሺህ ጀምሮ ድሮም ነበሩ የሚል ነው። ዱላ ቀረሹን ክርክር ይበልጥ ያጋጋለው ከኬሽ ይልቅ ይህ መልስ ነበር።

ዋርሃመር 40,000 በ1987 በእንግሊዝ የወጣ፣ ሪክ ፕሪስትሊ የጻፈው የጠረጴዛ ላይ የጦርነት ጨዋታ ነው። ተጫዋቹ ትንንሽ የፕላስቲክ ወታደሮችን ገዝቶ፣ ቆራርጦ፣ በሙጫ አጣብቆና በቀጭን ብሩሽ ቀለም ቀብቶ ያሰልፋቸዋል። ከጨዋታው ጎን ለጎን፣ ከመጽሐፍ ወደ መጽሐፍ እየተቀጠለ የሚሄድ የሩቅ ዘመን ታሪክ አለ። ማታ ማታ ተቀምጦ የአንዲት ጣት የምታህል ምስል ጥሩር ወርቅ ሲቀባ የከረመ ሰው፣ ስለዚያ ወታደር አመጣጥ የተጻፈውን አንድም ሳያስቀር ቢያጠና አይገርምም። ስለዚህ ቁጣውን «የአሻንጉሊት ጠብ» ብሎ ማጣጣል ለክርክሩ አይረዳም።

ተቃዋሚዎቹ በእጃቸው ማስረጃ ነበራቸው። በቀደመው ኮዴክስ (ለአንድ ሠራዊት የሚወጣ የጨዋታ መጽሐፍ) ዘቦቹ ከቴራ፣ ማለትም ከምድር፣ መኳንንት ቤት በጨቅላነታቸው የተወሰዱ ወንዶች ልጆች እንደሆኑ ሰፍሯል። ሆኖም ብዙዎቹ በዚህ ላይ ስፔስ ማሪኖች የሚባሉትን የሌላ ሠራዊት ወታደሮች ሕግ ደረቡበት። በ1988 በኋይት ድዋርፍ መጽሔት የታተመ ጽሑፍ፣ አንድን ወጣት ማሪን የሚያደርገው ንቅለ ተከላ የሚስማማው ለወንድ ሆርሞንና ሕብረ ሕዋስ ብቻ ነው ይላል። ኩስቶዴስ ግን የሚሠሩበት መንገድ ሌላ ነው፤ እያንዳንዱ ዘብ ከሕፃንነቱ አንስቶ ለብቻው፣ በምስጢራዊ ጥበብ፣ ከሥሩ ጀምሮ እንደገና ይቀረጻል። ለሴት በሩን የሚዘጋ የተፈጥሮ ምክንያት አልተጻፈለትም። ስለዚህ የተጣሰው ሕግ ስለ ምልመላ የተጻፈ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው።

ታሪኩ አይነካም የሚለው ሙግትማ ጭራሹን ውሃ አያነሳም። እስከ 2011 ድረስ ኔክሮኖች ነፍስ የሌላቸው የብረት ገዳዮች ነበሩ። የዚያ ዓመት ኮዴክስ ግን ንጉሥና ሥርወ መንግሥት፣ ቂምና ሴራ ሰጣቸው፤ ከመካከላቸውም የጋላክሲውን ቅርስ እየሰረቀ ቤተ መዘክር የሚሞላ ትራዚን የሚባል ሌባ አወጣ። ያኔም ያጉረመረመ አልጠፋም፤ ዛሬ ግን ትራዚን ከሚወደዱት ገጸ ባሕርያት አንዱ ነው። ኩስቶዴስ ራሳቸው በ1987ቱ መጽሐፍ ቢጠቀሱም በፕላስቲክ የወጡት በ2016፣ የራሳቸውን ኮዴክስ ያገኙት ደግሞ በ2018 ነው። ጥንታዊ ተብሎ የተሟገቱለት ዝርዝር አብዛኛው ያኔ አሥር ዓመት እንኳ አልሞላውም ነበር።

ይህ ሁሉ ግን ጌምስ ወርክሾፕን ከስንፍና ወቀሳ አያድነውም። በ2017 ከቀድሞዎቹ የሚገዝፉትን ፕራይማሪስ ማሪኖች ሲያመጣ፣ ቤሊሳሪየስ ካውል የተባለ ሊቅ ለሺህ ዓመታት በስውር ሲሠራቸው እንደኖረ ተርኮ ነበር። ታሪኩ አሳማኝ ነው ባይባልም ታሪክ ነው። የቴሌቪዥን ድራማው የዶክተር ሁ ደራስያንም በ2014 ማስተር የተባለውን ባላንጣ በሚሼል ጎሜዝ ተዋናይነት ሴት አድርገው አመጡት። በ2017 ጆዲ ዊተከር የዶክተሩን ቦታ መያዟ ሲነገር የተከፋ ቢኖርም፣ «ታሪኩ አይፈቅድም» የሚለው ክርክር መቆሚያ አልነበረውም። ሌላው የቴሌቪዥን ድራማ ባትልስታር ጋላክቲካ በ2003 ስታርባክ የተባለውን ገጸ ባሕርይ ለኬቲ ሳክሆፍ ሲሰጥ ደግሞ ከዜሮ የጀመረ አዲስ ሥራ ስለነበር፣ የ1978ቱ ድርሰት እንደነበረ ቀርቷል። የቀድሞው ስታርባክ ዲርክ ቤኔዲክት ምሬቱን በጽሑፍ ከማውጣት ግን አልተመለሰም። ጌምስ ወርክሾፕ ለሴት ዘቦቹ የመረጠው መንገድ ከእነዚህ ሁሉ ይለያል፤ አንባቢው ያነበበውን እንዳላነበበ እንዲቆጥር ጠየቀው።

«ሴት ተዋጊ ከፈለጋችሁ የውጊያ እህቶች አሉላችሁ» የሚል መልስም በብዛት ተሰምቷል። እህቶቹ በጨዋታው ታሪክ ጎጌ ቫንዳየር ከተባለ መሪ የግፍ አገዛዝ በኋላ ቤተ ክርስቲያኗ ወንድ ታጣቂ እንዳትይዝ ስለተከለከለች በሠራዊትነት የቀጠሉ ናቸው። በ1997 ኮዴክስ ከወጣላቸው በኋላ ግን ሠራዊታቸው ሙሉ በሙሉ ወደ ፕላስቲክ እስኪዞር ሃያ ዓመት አልፏል። ይህን ሁሉ ጊዜ ውድና ከባድ የብረት ምስል ሲገዛ ለኖረ ሰው «አሉላችሁ» መባሉ ብዙም የሚያጽናና አይደለም።

የ2024ቱ ኮዴክስ የማሪኖችን ሕግ አልነካም። አንድ ቀን እሱም ይነሣ ከተባለ የ1988ቱ ጽሑፍ በግልጽ ስለሚከለክል «ድሮም ነበሩ» ማለት አያዋጣም፤ ንቅለ ተከላውን የሚለውጥ ሌላ ካውል መፍጠር የግድ ይሆናል።