በኖርፎክ ያልተለመዱ ወፎችን መለየትና መመዝገብ

ያልተለመዱ ወፎችን መለየትና መመዝገብ ማለት በአንድ አካባቢ አዘውትሮ የማይታይ የዱር ወፍ ሲገኝ ዝርያውን አጣርቶ ከነማስረጃው በቋሚ መዝገብ ማስፈር ነው። በእንግሊዝ አገር ሥራውን በብዛት የሚያከናውኑት በጎ ፈቃደኞች ሲሆኑ፣ የተደራጀውም በካውንቲ ነው። ካውንቲ በኢትዮጵያ ከነበረው አውራጃ ጋር የሚቀራረብ ክልል ነው። በምሥራቅ እንግሊዝ የሚገኘው የገጠር ካውንቲ ኖርፎክ በዚህ ሥራ ከታወቁት አካባቢዎች አንዱ ነው።

በኢትዮጵያ «ብርቅዬ» የሚባለው ብዙውን ጊዜ በአገሪቱ ብቻ የሚገኝ እንስሳ ነው። በዚህ ጽሑፍ ግን የሚነገረው ስለ እንግዳ ወፍ ነው፤ ማለትም በሌላ አገር በብዛት ሊኖር ስለሚችል፣ ነገር ግን ከመንገዱ ወጥቶ በማይጠበቅበት ቦታ ስለተገኘ ወፍ።

የኖርፎክ አቀማመጥ

ኖርፎክ ከ5,300 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ስፋት ያለው፣ በአብዛኛው የእርሻ መሬት የሆነ ካውንቲ ነው። ሰሜናዊና ምሥራቃዊ ጎኑ ወደ ሰሜን ባሕር ወጣ ያለ ስለሆነ ባሕሩን አቋርጠው የሚመጡ ፈላሲ ወፎች መጀመሪያ ከሚያገኟቸው መሬቶች አንዱ ነው። በመጸው ወራት ነፋሱ ከምሥራቅ ሲነፍስ፣ በተለይም ዝናብ ወይም ጉም ሲጨመርበት፣ ከስካንዲኔቪያና ከሳይቤሪያ የተነሡ ወፎች ደክመው በባሕሩ ዳርቻ ቁጥቋጦዎች ያርፋሉ። ለምሳሌ የሎው ብራውድ ዋርብለር የተባለችው ወፍ ክብደቷ 6 ግራም ገደማ ነው። የምትራባው በሳይቤሪያ፣ ክረምቱን የምታሳልፈው በደቡብ ምሥራቅ እስያ ቢሆንም በኖርፎክም ትታያለች።

በሰሜኑ ዳርቻ ያለው የክሌይ ረግረግ በ1926 ለጥበቃ ተገዝቶ የኖርፎክ የዱር ሕይወት ጥበቃ ማኅበር ተመሠረተ። ማኅበሩ በብሪታንያ በካውንቲ ደረጃ ከተቋቋሙት መሰል ማኅበራት የመጀመሪያው ነው። ከዚያ ቀደም ብሎ በ1869 የኖርፎክና ኖርዊች የተፈጥሮ ተመራማሪዎች ማኅበር ተቋቁሞ ነበር።

ወፉን መለየት

ዝርያን ለመለየት ቀለም ብቻውን አይበቃም። ልምድ ያላቸው ተመልካቾች የሚከተሉትን አንድ ላይ ያያሉ፦

• መጠን፦ በአጠገቡ ካለ ከታወቀ ወፍ ጋር ተነጻጽሮ፤
• ቅርጽ፦ የምንቃር፣ የእግር፣ የጅራትና የክንፍ ርዝመት፤
• የላባ ምልክት፦ በዓይን ዙሪያ፣ በክንፍና በጅራት ላይ ያሉ መስመሮች፤
• ድምፅ፦ ዝማሬውና አጭር ጥሪው፤
• ጠባይ፦ አበራረሩ፣ አመጋገቡ፣ የሚመርጠው ቦታ፤
• ዕድሜና ወቅት፦ ጫጩትነቱን ገና የጨረሰ ወይም ላባ በመቀየር ላይ ያለ ወፍ ሌላ ዝርያ ሊመስል ስለሚችል።

ዊሎ ዋርብለርና ቺፍቻፍ የተባሉት ሁለት ትናንሽ ወፎች ጥሩ ምሳሌ ናቸው። ሁለቱም አረንጓዴማ ቡናማ ናቸው። የመጀመሪያው ክንፉ ረዘም፣ እግሩም ፈካ ይላል፤ የሁለተኛው እግር በአብዛኛው ጠቆር ያለ ነው። ዝማሬያቸው ግን ፈጽሞ ስለሚለያይ ዓይን የተጠራጠረውን ጆሮ ይፈታዋል። ሁለቱም ወደ አፍሪካ የሚፈልሱ ሲሆኑ በኢትዮጵያም ይታያሉ።

ስሕተት ከሚፈጠርባቸው ምክንያቶች መካከል ከጎጆ ያመለጡ የቤት ወፎች፣ በተለይ በዳክዬዎች ዘንድ የሚያጋጥሙ ድቅሎች፣ እንዲሁም በተፈጥሮ ጉድለት ነጭ ላባ ያበቀሉ የተለመዱ ወፎች ይገኙበታል። ስለዚህ ጥሩ መግለጫ ወፉ ምን እንደሆነ ብቻ ሳይሆን ሌሎች ተመሳሳይ ዝርያዎች ያልሆነበትንም ምክንያት ያስረዳል።

ምዝገባውና ማጣራቱ

ተመልካቹ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ቦታውን፣ ርቀቱን፣ የብርሃኑን ሁኔታና የተጠቀመበትን መነጽር እዚያው እያለ ይጽፋል። መጽሐፍ ከማገላበጡ በፊት ያየውን እንዲጽፍ ይመከራል፤ ሥዕል ካዩ በኋላ የሚጻፍ ማስታወሻ ያዩትን ሳይሆን ያነበቡትን ሊመስል ይችላልና። ፎቶግራፍና የድምፅ ቅጂ ካለ ይያያዛል።

መግለጫው ለካውንቲው መዝጋቢ ይላካል። ከዚያ በኋላ እንደ ወፉ ብርቅነት ሦስት ደረጃዎች አሉ። በካውንቲው ብቻ ብርቅ የሆነውን የአካባቢው ኮሚቴ ይመለከተዋል። በመላው ብሪታንያ ብርቅ የሆነውን በ1959 የተቋቋመው የብሪታንያ ብርቅ ወፎች ኮሚቴ ይመረምራል። ለአገሪቱ የመጀመሪያ የሆነ ዝርያ ሲገኝ ደግሞ በ1858 የተመሠረተው የብሪታንያ የአዕዋፍ ተመራማሪዎች ኅብረት ኮሚቴ ዝርያው ወደ ብሪታንያ ዝርዝር ይግባ ወይም አይግባ የሚለውን ይወስናል።

«አልተረጋገጠም» የሚለው ውሳኔ ተመልካቹ ዋሽቷል ማለት አይደለም። የቀረበው ማስረጃ ከዓመታት በኋላ ተመልካቹን የማያውቅ አንባቢ እንኳ ሊያምነው በሚችል መጠን አልበቃም ማለት ነው።

የሄስቲንግስ ጉዳይ

ማጣራቱ ይህን ያህል ጥብቅ የሆነበት አንዱ ምክንያት በደቡብ እንግሊዝ፣ በሰሴክስና በኬንት ካውንቲዎች የደረሰው ነው። ከ1892 እስከ 1930 ባለው ጊዜ በሄስቲንግስ ከተማ ዙሪያ እጅግ ብዙ ብርቅ ወፎች ተገደሉ ተብሎ ተመዘገበ። አብዛኞቹ የመጡት የሞቱ እንስሳትን ቆዳ አድርቆና ሞልቶ ያዘጋጅ በነበረው በጆርጅ ብሪስቶ እጅ በኩል ነው። በብሪታንያ የተገደለ ብርቅ ወፍ በሰብሳቢዎች ዘንድ ከውጭ ከመጣው እጅግ የላቀ ዋጋ ስለነበረው፣ ወፎቹ ከውጭ አገር በመርከብ ገብተዋል የሚል ጥርጣሬ ተነሣ። ብሪስቶ ክሱን አልተቀበለም፤ በ1947 ሞተ።

በነሐሴ 1962 «ብሪቲሽ በርድስ» መጽሔት የማክስ ኒኮልሰንንና የጄምስ ፈርጉሰን ሊስን ጽሑፍ፣ እንዲሁም የስታቲስቲክስ ሊቁን የጆን ኔልደርን ትንታኔ አወጣ። ኔልደር የሄስቲንግስን መዝገብ ከአጎራባች አካባቢዎችና ከኋለኛው ዘመን መዝገብ ጋር አነጻጽሮ ልዩነቱ በአጋጣሚ ሊፈጠር እንደማይችል አሳየ። በዚህም ከ500 በላይ መዝገቦች ተሰረዙ፤ 29 ዝርያዎችና ንዑስ ዝርያዎች ከብሪታንያ ዝርዝር ወጡ። ከእነዚህ አብዛኞቹ በኋላ በትክክለኛ ማስረጃ ስለተገኙ ወደ ዝርዝሩ ተመልሰዋል።

ዜናና ሥነ ምግባር

የብርቅ ወፍ ዜና ሲሰማ በርካታ ሰዎች ወደ አንዲት መንደር ይጎርፋሉ። በጥር 2008 ባለ ነጭ ዘውድ የሆነችው የሰሜን አሜሪካ ድንቢጥ መሰል ወፍ በክሌይ መንደር በታየች ጊዜ፣ ሊያዩዋት የመጡ ሰዎች ለመንደሩ ቤተ ክርስቲያን እድሳት ከ6,000 ፓውንድ በላይ አዋጥተዋል። የወፏም ምስል በቤተ ክርስቲያኑ ባለ ቀለም መስኮት ላይ ተሠርቷል።

ይሁን እንጂ ሁሉም ዜና አይነገርም። በ1981 የወጣው የብሪታንያ የዱር ሕይወት ሕግ በዝርዝር የተጠቀሱ ወፎችን ጎጆ ላይ ሳሉ ሆን ብሎ መረበሽን ይከለክላል። ስለሆነም ሞንታጉ ሃሪየር የተባለው ብርቅ አዳኝ ወፍ በኖርፎክ ማሳዎች ጎጆ ሲሠራ ቦታው በምሥጢር ሲጠበቅ ቆይቷል። መረጃው ይመዘገባል፤ የሚታተመው ግን ትክክለኛው ሥፍራ ሳይገለጽ ነው።

በኮምፒውተር መመዝገብ

ዛሬ አብዛኛው መረጃ የሚሰበሰበው እንደ በርድትራክና በ2002 እንደ ተጀመረው ኢበርድ ባሉ የመረጃ ቋቶች ነው። በኢበርድ ለየአካባቢውና ለየወቅቱ የሚጠበቁ ዝርያዎችና ቁጥሮች ወሰን ተቀምጧል። ከወሰኑ የወጣ መረጃ ሲገባ ፕሮግራሙ ምልክት ያደርግበትና ለአካባቢው በጎ ፈቃደኛ ገምጋሚ ይልከዋል። ማሽኑ የሚጠይቀው ጥያቄ እንጂ የሚሰጠው ፍርድ አይደለም። ከፎቶ ወይም ከድምፅ ዝርያ የሚገምቱ የስልክ መተግበሪያዎችም ፍንጭ ይሰጣሉ፤ ብቻቸውን ግን እንደ ማስረጃ አይቆጠሩም።

የተለመዱ ወፎችን መመዝገብም እኩል ያስፈልጋል። አንድ ወፍ ብርቅ ነው ለማለት የሚቻለው ስንት ጊዜ ተፈልጎ እንዳልተገኘ ሲታወቅ ነው። ተመልካቹ ብርቁን ብቻ ከጻፈ ይህ አይታወቅም።

በኢትዮጵያ

የማስረጃ ጥያቄ በኢትዮጵያም ተነሥቷል። በ1990 በነጭ ሳር ሜዳ የተጓዙ ተመራማሪዎች በሌሊት ነፍሳት የሚያድን ወፍ መንገድ ላይ ሞቶ አገኙ፤ ለምርመራ የተረፈው አንድ ክንፉ ብቻ ነበር። በ1995 ወፉ አዲስ ዝርያ ተብሎ ካፕሪሙልገስ ሶላላ ተባለ፤ ሶላላ የሚለው ስም ከላቲን «ብቸኛ ክንፍ» ከሚሉት ቃላት የተወሰደ ነው። ማስረጃው አንድ ክንፍ በመሆኑ ራሱን የቻለ ዝርያ ስለመሆኑ የተለያየ አስተያየት ቀርቧል። ክንፉ ተጠብቆ ባይቀመጥ ኖሮ ግን ጥያቄውን እንደገና መመርመር አይቻልም ነበር።