ጉማሬና ጉማሬ

አማርኛችን ጉማሬ ሲል ሁለት ነገር ማለቱ ነው። አንዱ ውሃ ውስጥ የሚኖረው አውሬ ነው። ሌላው ከዚያው አውሬ ቆዳ የሚሠራው አለንጋ። እኔ ቀድሜ ያወቅሁት አለንጋውን ነው፤ አያቴ ቤት ምሰሶ ላይ ተንጠልጥሎ። ማንም ሲገረፍበት አላየሁም፤ መንጠልጠሉ ብቻ ይበቃ ነበር።

አለንጋው ከሚመጣባቸው ቦታዎች አንዱ ጣና ነበር። ወይጦዎች በደንገል ታንኳ እየቀዘፉ ጉማሬ ያድናሉ፣ ሥጋውን ይበላሉ፣ ከቆዳው አለንጋ ይሠራሉ። ሥጋውን ስለበሉ ጎረቤቶቻቸው፣ ክርስቲያኑም እስላሙም፣ ይጸየፏቸው ነበር። አለንጋውን ግን የተጸየፈ የለም! ባላባቱም ባለሥልጣኑም ይዞታል። ወይጦዎች የራሳቸው ቋንቋ ጠፍቶ ዛሬ አፋቸውን የሚፈቱት በአማርኛ ነው፤ አደኑም በ20ኛው ክፍለ ዘመን ቀርቷል። የቀረልን ቃሉ ነው።

በ2009 ዓ.ም. ጥር ላይ ሐዋሳ ሄጄ ከፍቅር ሐይቅ በሞተር ጀልባ ስነሳ ይኸው ቃል ነበር በሐሳቤ የሚመላለሰው። ወደ ጥቁር ውሃ አቅጣጫ ስንቀርብ ነጂው ልጅ ሞተሩን አጠፋ። መጀመሪያ ሁለት ጆሮ ብቻ ብቅ አለ። ከዚያ አፍንጫ፣ ከዚያ ያ ከባድ ትንፋሽ፣ ቀጥሎ ደግሞ ግልገሏን ያስጠጋች እናት። እንዲያው ዝም ብለን አየን። ሐዋሳ የተቆረቆረችው በ1950ዎቹ ዓ.ም. ነው፤ እነዚህ የቀደሙ ነዋሪዎች ናቸው። ልጁን ጉማሬ አለንጋ መሆኑን ያውቅ እንደሆነ ጠየቅሁት።

«ጋሼ፣ ይሄ ሁሉ እንዴት አለንጋ ይሆናል?» ብሎ ሳቀ። ደስ አለኝ።

ጉማሬን አሳማ ይመስለናል እንጂ በሕይወት ካሉት እንስሳት የቅርብ ዘመዱ ዓሣ ነባሪ መሆኑን የዘረመል ጥናት አረጋግጧል። በኖርዌይና በካናዳ ሰው በጀልባ ሄዶ የሚያየው፣ «ገዳይ ዓሣ ነባሪ» የሚባለው ሳይቀር የሩቅ ዘመዱ ነው። የሚገርመው፣ ያ «ገዳይ» በተፈጥሮ መኖሪያው ሰው ስለመግደሉ የተመዘገበ ነገር የለም። የእኛው ግን ንጹሕ ነው አልልም፤ ይገድላል፣ ዓሣ አስጋሪዎች ያውቁታል። መግረፉ ግን የእኛ ሥራ ነበር።

ከጥቁር ውሃ ወንዝ በላይ ጨለለቃ የሚባል ሐይቅ ነበር። በዙሪያው ያለው መሬት እየተራቆተ ደለል ሞላውና ረግረግ ሆነ። የሐዋሳ ሐይቅ ደግሞ ውሃው የሚወጣበት ወንዝ የለውም፤ የገባ ደለል እዚያው ይቀራል። ጉማሬ ቀን ውሃ ውስጥ ውሎ ሌሊት ሣር ፍለጋ ወደ ዳር ይወጣል። ዳሩ ከታረሰ የሚያገኘው የገበሬውን ሰብል ነው፤ ጠቡም ከዚያ ይጀምራል።

ልጁ ሞተሩን አስነስቶ ጀልባዋን ሲያዞር የታረሰውን ዳርቻ በአገጩ አሳየኝ።

«ድሮ ይሄ ሁሉ ሣር ነበር።»

ድሮ የሚለው ልጅነቱን ነው። ሃያ ዓመት የሞላው አይመስልም።