ሥራ እንዴት ይበረክታል? ከነቀምቴ ታሪክ የተገኘ ምሳሌ



በመሥሪያ ቤት የሚውል ሰው ሁሉ ከአፉ የማይለየው አንድ ቃል አለ፤ እርሱም «ጊዜ የለኝም» የሚለው ነው። ይህን የሚል ሰው ሐሰት ይናገራል አንልም። ጠዋት በጠረጴዛው ላይ ያገኘው የደብዳቤ ክምር ማታ ሲወጣ ከፍ ብሎ ይጠብቀዋል፤ ባለጉዳይ በደጅ ቆሟል፤ አለቃ ይጠራል፤ ስልክ ይጮኻል። ነገር ግን ጊዜ አጣን የምንለው ብዙውን ጊዜ ለሥራው አከፋፈል ስላላበጀንለት ነው። ይህን ለማስረዳት ምክር ከመደርደር ይልቅ አንድ እውነተኛ ታሪክ መተረክ ይሻላል ብዬ አሰብሁ። ታሪኩም የወለጋ ነው።

ከነቀምቴ ተነሥቶ ወደ ሰሜን የሚጓዝ ሰው የአንገርን ወንዝ ተሻግሮ ወደ ጊዳ አያና ይደርሳል። በዚያ አገር ገበሬው ብቻውን የማይወጣው አረም ወይም አጨዳ ሲመጣበት ጎረቤቶቹን ይጠራል። አብልቶና አጠጥቶ በአንድ ቀን የሚያሠራ እንደ ሆነ ደቦ ይባላል። ዛሬ ለእኔ ነገ ለአንተ እየተባለ በተራ የሚሠራ እንደ ሆነ ደግሞ በኦሮምኛ ዳዶ ይሉታል፤ በሌላው አገር ወንፈል የምንለው መሆኑ ነው። እርሻው አልጠበበም፤ ቀኑም አልረዘመም፤ ሆኖም አረሙ በወቅቱ ይደርሳል። ይህ በእርሻ ላይ የታወቀ ጥበብ ወደ ብዕርና ወደ ወረቀት ሥራ ሲመጣ ግን ብዙዎቻችን እንረሳዋለን። ያልረሱት ሁለት ሰዎች በስተ መጨረሻ ኑሯቸው ነቀምቴ ላይ ነበር፤ ስማቸውም ኦኔሲሞስ ነሲብና አስቴር ጋኖ ይባላል። ከዚህ በታች ዓመታቱን የምጽፈው፣ በእኛ መሆኑን ካልገለጽሁ በቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ኦኔሲሞስ በ1856 ገደማ በኢሉባቦር በሁሩሙ አጠገብ ተወለዱ። የመጀመሪያ ስማቸው ሂካ ነበር፤ በኦሮምኛ ተርጓሚ ማለት ነው። ወላጆች ስም ሲያወጡ የልጁን ዕድል እንደሚያዩ የሚያምን ሰው እዚህ ላይ ደስ ይለዋል። በልጅነታቸው በባሪያ ፈንጋዮች ተሰርቀው ከእጅ ወደ እጅ ተሸጡ፤ በ1870 ምጥዋ ላይ ቬርነር ሙንዚንገር የሚባለው የስዊስ ተወላጅ ነጻ አወጣቸው። በዚያው በምጥዋ አቅራቢያ ከነበረው ከስዊድን ሚስዮን ትምህርት ቤት ገቡ፤ በኋላም ስዊድን አገር ሄደው አምስት ዓመት ተማሩ። ከዚያ በኋላ ሐሳባቸው ሁሉ ወደ ተወለዱበት አገር ተመልሶ በገዛ ቋንቋቸው ማስተማር ነበር።

ይሁን እንጂ መንገዱ ተዘጋ። መጀመሪያ በሱዳን በኩል ዞረው እስከ ፋማካ ደረሱና ማለፍ ስላልተቻለ ተመለሱ፤ በ1882 ካርቱም ሲደርሱም አገሩ በማህዲስቶች ጦርነት ይታመስ ነበር። ሁለተኛም በ1886 እስከ እንጦጦ ደርሰው ወደ ወለጋ ለመሻገር ስላልተፈቀደላቸው ወደ ምጥዋ አቅራቢያ፣ ወደ እምኩሉ ተመለሱ። ሁለት ታላላቅ ጉዞዎች በከንቱ ቀሩ። እንዲህ ያለ ነገር የደረሰበት ሰው ዕድሉን ሲያማርር ዕድሜውን ቢፈጅ ማንም አይፈርድበትም። እርሳቸው ግን በእግር ያልተደረሰበትን አገር በመጽሐፍ ለመድረስ ተቀመጡ፤ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ መተርጐም ጀመሩ።

እዚህ ላይ ነው ለእኛ የሚጠቅመው ነገር የሚመጣው። ኦኔሲሞስ ሥራውን እንደ ጀመሩ አንድ ጉድለት አገኙ። ቋንቋውን የተለዩት በልጅነታቸው ነበርና የቃሉ ብዛትና የአነጋገሩ ወግ አልተሟላላቸውም። አንድ ልጅ ውኃና እንጀራ፣ እናትና ጥጃ የሚሉትን ያውቃል፤ የሸንጎን፣ የልቅሶን፣ የውልንና የእርቅን ቃል ከየት ያመጣዋል? ከእኛ መካከል እንዲህ ያለ ጉድለት ሲያገኘው ጉድለቱን በመሸፈን ሌሊቱን የሚያነጋ ስንት አለ! የማያውቀውን ያወቀ ለመምሰል የሚጠፋው ሰዓት ቢቈጠር ከሥራው ሰዓት ሳይበልጥ አይቀርም።

ኦኔሲሞስ ያደረጉት ሌላ ነው። አስቴር ጋኖ በ1872 ገደማ የተወለዱ ሲሆኑ፣ በሊሙ እናርያ ንጉሥ ዘመን በባርነት ተይዘው ወደ ዓረብ አገር ለመሸጥ በመርከብ ሲጓዙ በ1886 የኢጣልያ መርከቦች መርከቡን ይዘው ነጻ ያወጧቸው ልጅ ናቸው። ወደ እምኩሉ ትምህርት ቤት ገቡ። ኦኔሲሞስም ይህች ልጅ ብሩህ አእምሮና ስለ ቋንቋው ጥሩ ስሜት እንዳላት ወዲያው አስተዋሉ። ትናንት በገበያ የምትሸጥ ለነበረች ልጅ የሚሰጣት ሥራ መጥረግና መፍጨት ነው ብለው አላሰቡም፤ የኦሮምኛ መዝገበ ቃላት እንድታዘጋጅ ሰጧት።

ይህ በዚያ ዘመን ቀላል ነገር አልነበረም። ሠራተኛን በሥራው መስደብ በአገራችን ምን ያህል ሥር የሰደደ እንደ ነበር፣ ዳግማዊ ምኒልክ በእኛ አቆጣጠር በጥር 1900 ዓ.ም. ያስነገሩት ዐዋጅ ይመሰክራል። ብረት የሚቀጠቅጠውን፣ ሸማ የሚሠራውን፣ ቆዳ የሚፍቀውን፣ ጽሕፈት የሚጽፈውን ሳይቀር እየተሳደቡ ሰዎችን ከሥራ ማራቅ አገሪቱን ባዶ እንደሚያስቀር ገልጸው ተሳዳቢውን በቅጣት አስፈራርተዋል። እምኩሉ ላይ ቃል ይለቀም የነበረው ይህ ዐዋጅ ከመነገሩ ከ10 ዓመት በላይ አስቀድሞ ነው።

አስቴር የሰበሰቡት ቃል 15,000 ያህል መሆኑ ይነገራል። እስቲ እናስላው። አንድ ሰው በቀን አሥር ቃል ብቻ ቢጽፍ፣ አንድም ቀን ሳያርፍ 1,500 ቀን ይፈጅበታል፤ ከአራት ዓመት በላይ መሆኑ ነው። በቀን አሥር ቃል መጻፍ ለማንም አይከብድም፤ ቡና ተጠጥቶ ሳያበቃ ያልቃል። የሚከብደው በማግስቱም፣ ከማግስቱም በኋላ አሥር መጻፍ ነው። በእነዚያው ዓመታት በእንግሊዝ አገር ጄምስ መሪ የሚባል ሊቅ ከ1879 ጀምሮ ታላቁን የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ያዘጋጅ ነበር። በግቢው ውስጥ በሠራት የቆርቆሮ ቤት ተቀምጦ፣ ከየአገሩ በጎ ፈቃደኞች በቍራጭ ወረቀት ላይ እየጻፉ የሚልኩለትን ቃል በየሳጥኑ ይደለድል ነበር። የመጀመሪያው ክፍል በ1884 ወጣ፤ ሥራው ያለቀው ግን እርሱ በ1915 ከሞተ በኋላ በ1928 ነው። መሪ መንግሥትና ዩኒቨርሲቲ ባሉበት አገር ይህን ያህል ረዳት ሲያስፈልገው፣ በቀይ ባሕር ዳር በሐሩር ውስጥ ለነበሩት ጥቂት ሰዎች ሥራው እንዴት እንደ ከበደ መገመት አያዳግትም።

አሁን የአሠራራቸውን ቅደም ተከተል ተመልከቱ። የተሰበሰበው ቃል በሣጥን ተቈልፎ አልተቀመጠም፤ የአዲስ ኪዳኑን ትርጉም ለማረም ዋለና መጽሐፉ በ1893 ታተመ። አስቴር ከዚህ ጎን ለጎን ከትውልድ ቦታቸው የሚያውቁትንና ከጓደኞቻቸው የሰሙትን ዘፈን፣ ተረት፣ ምሳሌና እንቈቅልሽ 500 ያህል ጽፈው አስቀምጠው ነበር፤ ከዚህም ብዙው በ1894 በእምኩሉ በታተመው የኦሮምኛ ማንበቢያ መጽሐፍ ውስጥ ገባ። ያም መጽሐፍ ፊደል ለሚቈጥር ልጅ የአያቱን ተረት የሚሰጥ ሆነ። በመጨረሻም ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ በ1899 በስዊስ አገር፣ በባዝል አጠገብ በቅዱስ ክሪስኮና፣ በግዕዝ ፊደል ታተመ። አንድ ጊዜ የተለቀመው ቃል ለሦስትና ለአራት ሥራ ስንቅ ሆነ ማለት ነው። በየመሥሪያ ቤታችን ግን ስንት ጊዜ አንድ ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ይፈለጋል፣ አንድ ጥናት በየሁለት ዓመቱ እንደ አዲስ ይጀመራል! ባለፈው ዓመት ይህንኑ ጉዳይ የመረመረው ጸሐፊ ያገኘውን በመዝገብ በወግ አስፍሮት ቢሆን ኖሮ፣ የዛሬው ጸሐፊ እኩለ ቀን ድረስ አቧራ ሲያራግፍ ባልዋለ። ጊዜ የሚባክነው በወሬና በቡና ብቻ ነው የሚሉ አለቆች ይህንንም ቢመለከቱት መልካም ነው።

በ1904 ኦኔሲሞስ፣ አስቴርና ጓደኞቻቸው መጽሐፎቻቸውን ይዘው ነቀምቴ ገቡ። የአገሩ ገዥ ደጃዝማች ኵምሳ ሞረዳ፣ በክርስትና ስማቸው ገብረ እግዚአብሔር፣ በክብር ተቀበሏቸው። ትምህርት ቤትም ተከፈተ፤ አስቴር በዚያ አስተማሩ። መከራ ግን አልቀረም። በአገሩ ካህናት ተከሰው በ1906 በአቡነ ማቴዎስ ግዞት ተፈረደባቸው፤ ዐፄ ምኒልክ ፍርዱን ለውጠው ወደ ነቀምቴ እንዲመለሱ ሲፈቅዱላቸው መስበክ ግን ተከለከሉ። ልጅ ኢያሱ በ1916 ፈቃድ እስኪሰጡ ድረስ ያሉትን ዓመታት በትምህርት ቤቱ ሥራ አሳለፉ። አንዱ በር ሲዘጋ በተከፈተው መግባት ከእምኩሉ ጀምሮ የለመዱት ነበር። በ1931 ነቀምቴ ላይ ዐረፉ።

ከመጨረሴ በፊት አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልችልም። በ1899 የታተመው መጽሐፍ የመጀመሪያ ገጽ ላይ የተርጓሚው ስም አንድ ብቻ ነው፤ የአስቴር ጋኖ ስም የለም። ታሪኩን የመረመሩ ሊቃውንት ስማቸው ከኦኔሲሞስ ስም ጎን መጻፍ ይገባው ነበር ይላሉ፤ እኔም በዚህ እስማማለሁ። የበታች ጸሐፊ ያረቀቀው ደብዳቤ በአለቃ ፊርማ መውጣቱ የሥራ ደንብ ነው፤ ረቂቁን ማን እንዳዘጋጀው በሸንጎ ፊት አለመናገር ግን ደንብ አይደለም። ድካሙ ሳይነገርለት የቀረ ሰው በሚቀጥለው ጊዜ አሥር ቃል ማምጣቱን ትቶ አምስት ያመጣል፤ አለቃውም ሥራው ለምን እንደ ቀዘቀዘ እየተገረመ ሌላ ማሳሰቢያ ይጽፋል።

አስቴር ስማቸው ባለመጻፉ ሥራቸውን አልተዉም፤ ረጅም ዕድሜም ሰጣቸውና እስከ 1964 ኖሩ። ከሰበሰቡት ተረትና ዘፈን ግን ብዙው በእጅ ጽሑፍ እንዳለ ሳይታተም ቀርቷል።