በውሾችና በድመቶች ላይ የሚታዩ የጆሮ፣ የአፍንጫና የአተነፋፈስ ችግሮች

ውሻዎ ጆሮውን ደጋግሞ ያካል፣ ወይም ድመትዎን ከሦስት ቀን በላይ ያስነጥሳታል። በዚህ ጊዜ ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው የቤቱን የመድኃኒት ሣጥን መክፈት ነው። እኔ የሰው ሐኪም ነኝ፤ ይሁን እንጂ ልጃቸውን ለጉንፋን ያመጡ ወላጆች ሊወጡ ሲሉ «ዶክተር፣ ይኼ ሽሮፕ ለውሻችንስ ይሆናል?» ብለው ይጠይቁኛል። መልሴ ሁልጊዜ «አይሆንም» ነው፤ ምክንያቱን ከታች ያገኙታል። ይህ ጽሑፍ የእንስሳት ሐኪም ምርመራን አይተካም። የትኛው ምልክት ጥቂት ቀን እንደሚሰጥ፣ የትኛው ደግሞ እንደማይሰጥ ለመለየት ግን ይረዳዎታል።

ጊዜ የማይሰጡ ምልክቶች

ውሻ ሲሞቀው ወይም ሲሮጥ ምላሱን አውጥቶ ቢያለከልክ ጤናማ ነው። ድመት ግን እንደዚያ አትተነፍስም። አፏን ከፍታ የምትተነፍስ ድመት ካዩ እስከ ነገ አይጠብቁ። የድድ ወይም የምላስ ቀለም ወደ ሰማያዊ፣ ግራጫ ወይም ነጭ መለወጥም እንዲሁ ድንገተኛ ነው። አንገቱን ዘርግቶ፣ የፊት እግሮቹን ከፍቶ የሚቆምና መተኛት የሚያቅተው ውሻ አየር እያጠረው ነው። በእያንዳንዱ ትንፋሽ ሆዱ በኃይል የሚገባና የሚወጣ ከሆነም ያው ነው።

ነገሩ ግልጽ ካልሆነልዎ ትንፋሽ ይቁጠሩ። እንስሳው በእንቅልፍ ላይ ሳለ ደረቱ ከፍ ብሎ ዝቅ ሲል «አንድ» ብለው ይያዙ። ለ30 ሴኮንድ ቆጥረው በ2 ያባዙ። ተኝቶ የሚገኝ ጤነኛ ውሻም ሆነ ድመት በደቂቃ ከ30 ጊዜ በታች ይተነፍሳል። ደጋግመው ቆጥረው ከዚያ በላይ ካገኙ የልብ ወይም የሳንባ ችግር ሊኖር ስለሚችል በዚያው ቀን ያሳዩት። ሳሉንና አተነፋፈሱን በስልክዎ ቢቀርጹት ለሐኪሙ ከብዙ ገለጻ ይበልጣል፤ እንስሳት ሐኪም ፊት ሲደርሱ ሳላቸውን ያቆማሉና።

በመንገድ ላይ በግድ ውሃ አያጠጡት፣ አፉን ለመክፈትም አይታገሉት። ድመትን ቀዳዳ በተበጀለት ካርቶን ውስጥ አድርጎ በጨርቅ መሸፈን ጭንቀቷን ይቀንሳል።

የጆሮ ችግሮች

የውሻ የጆሮ ቦይ እንደ ሰው ቀጥ ያለ አይደለም። መጀመሪያ ወደ ታች ይወርድና ከዚያ ወደ ውስጥ ይታጠፋል። ስለዚህ የገባው ውሃ፣ ኩክና ቆሻሻ በቀላሉ አይወጣም። ጆሯቸው የተንጠለጠለ ውሾች ላይ ደግሞ አየር ስለማይገባ ባክቴሪያና ፈንገስ ይመቻቸዋል። ጭንቅላቱን ያራግፋል፣ ጆሮውን ግድግዳ ላይ ያሻል፣ መጥፎ ሽታና ቡናማ ወይም ቢጫ ፈሳሽ ይወጣዋል።

በቡችሎችና በድመት ግልገሎች ላይ ዋናው ምክንያት ብዙ ጊዜ በዓይን ለማየት የሚያስቸግር የጆሮ ተባይ ነው። በጆሮው ውስጥ የተፈጨ ቡና አተላ የሚመስል ጥቁር ቆሻሻ ይታያል። ከአንዱ እንስሳ ወደ ሌላው ስለሚተላለፍ አንዷን ድመት ብቻ አክሞ ሌሎቹን መተው ዋጋ የለውም። አዋቂ ውሻ ጆሮው በየጊዜው የሚመለስበት ከሆነ ግን ከስር የቆዳ አለርጂ ይኖር እንደሆነ መጠርጠር ይገባል። አለርጂው ካልተያዘ ጠብታው ለጊዜው ያሽለዋል እንጂ አይፈውሰውም።

ውሻው ከሣር ሜዳ ወይም ከማሳ እንደተመለሰ በድንገት አንዱን ጆሮውን ብቻ ማራገፍ ከጀመረ፣ ሹል የሣር ፍሬ ወይም መዥገር ገብቶበት ሊሆን ይችላል። ሲያራግፍና ሲያክክ የጆሮው ጠፍጣፋ ክፍል ውስጥ የደም ሥር ተበጥሶ እንደ ትራስ ሊያብጥም ይችላል። እብጠቱን በመርፌ አይብሱት፤ ደሙ ይመለሳል፣ ኢንፌክሽንም ይጨመርበታል።

ጆሮ ውስጥ አረቄ፣ የሎሚ ጭማቂ ወይም ነጭ ጋዝ መጨመር በጣም ያማል፣ ቆዳውንም ያቆስላል። የጥጥ እንጨት ቆሻሻውን ወደ መታጠፊያው ይገፋዋል። ለሰው የታዘዘ የጆሮ ጠብታም ቢሆን፣ የጆሮ ታምቡሩ የተቀደደ ከሆነ መስማትንና ሚዛን መጠበቅን ሊጎዳ ይችላል። ታምቡሩ ደህና መሆኑን በመሣሪያ ያየ ሰው ብቻ ነው ጠብታ ማዘዝ ያለበት። ጭንቅላቱን ወደ አንድ ጎን ያጋደለ ወይም ሲሄድ የሚንገዳገድ እንስሳ ኢንፌክሽኑ ወደ ውስጠኛው ጆሮ ዘልቆበት ሊሆን ስለሚችል ቀጠሮ አያራዝሙለት።

ነጭ ድመት ላላቸው አንድ ማስታወሻ፦ በጆሮዋ ጫፍ ላይ የማይድን ቅርፊት ወይም ቁስል ካዩ የድብድብ ጭረት ነው ብለው አይተዉት። ነጭ ፀጉር ያለው ጆሮ በፀሐይ ምክንያት ለቆዳ ካንሰር ይጋለጣል፤ በጊዜ ከተደረሰበት ጫፉን በቀዶ ሕክምና በማስወገድ ይድናል።

የአፍንጫ ችግሮች

መጀመሪያ ፈሳሹ ከአንድ ቀዳዳ ነው ወይስ ከሁለቱም የሚለውን ይመልከቱ። ከሁለቱም ከሆነ ብዙ ጊዜ ቫይረስ ወይም አለርጂ ነው። ከአንድ ቀዳዳ ብቻ ከሆነ ባዕድ ነገር፣ የበሰበሰ የላይኛው ጥርስ ሥር፣ ዕድሜው በገፋ እንስሳ ላይ ደግሞ ዕጢ ሊሆን ይችላል። ከወንዝ ወይም ከኩሬ የሚጠጣ ውሻ አፍንጫው ውስጥ አልቅት ሊገባበትና በየጊዜው ሊደማ ይችላል። ነስር በመዥገር በሚተላለፍ በሽታም ይመጣል። መርዝ የበላ አይጥ የበላች ወይም መርዙን ራሱን የላሰች ድመትም ልትደማ ትችላለች፤ በአካባቢዎ የአይጥ መርዝ ተደርጎ ከነበረ ለሐኪሙ መንገርዎን አይርሱ።

የድመት ጉንፋን ዋና አምጪዎች የድመት ሄርፐስና ካሊሲ የተባሉ ቫይረሶች ናቸው፤ ወደ ሰው አይተላለፉም። ማስነጠሱ ራሱ ያን ያህል አያስፈራም። የሚያስፈራው ድመቷ ማሽተት ሲያቅታት ምግብ ማቆሟ ነው። ከአንድ ቀን በላይ ምንም ያልበላች ድመት ጉበቷ መጎዳት ሊጀምር ስለሚችል መታየት አለባት። አፍንጫዋን ለብ ባለ ውሃ በራሰ ጨርቅ ይጥረጉላት፣ ምግቧንም ትንሽ አሙቀው ሽታው እንዲወጣ ያድርጉ።

ያልተከተበ ቡችላ ዓይኑና አፍንጫው ወፍራም ቢጫ ፈሳሽ ካወጣ፣ ካሳለና ካስቀመጠው ዲስተምፐር የተባለው በሽታ ሊሆን ይችላል። ብዙ ቡችላ ይገድላል፤ ከሌሎች ውሾች ለይተው በዚያው ቀን ይውሰዱት።

ሳልና የትንፋሽ ማጠር

ውሾች በሚሰባሰቡበት ቦታ የሚተላለፈው የውሻ ሳል ደረቅና ኃይለኛ ነው፤ መጨረሻው ላይ ያቅለሸልሸዋል። ውሻው እየበላና እየተጫወተ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ከ1 እስከ 3 ሳምንት ውስጥ ይሻለዋል። አንገቱን በገመድ የታሰረ ውሻ ሲጎትት ሳሉ ይብሳል፤ በደረት የሚታሰር ማሰሪያ ይሻላል። ትንንሽ ዝርያ ያላቸው ውሾች እንደ ዝይ ጩኸት ያለ ሳል ሲስሉ የአየር ቧንቧቸው እየላላ ሊሆን ይችላል። በዕድሜ የገፋ ውሻ ሌሊት ሌሊት ካሳለ ልቡ ይመርመር።

አንዳንድ ውሻ በድንገት ቆሞ አየር በአፍንጫው ወደ ውስጥ እያንኮራፋ ይስባል፤ የታፈነ ይመስላል። ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ካለፈና ወዲያው ጤነኛ ከሆነ ጉዳት የለውም።

ድመቶች እንደ ሰው አስም ይይዛቸዋል። መሬት ላይ ተለጥፋ አንገቷን ዘርግታ የምትስል ድመት ፀጉር ልትተፋ የፈለገች ትመስላለች፣ ምንም ሳይወጣት ግን ታቆማለች። የሲጋራ፣ የከሰልና የእጣን ጭስ ያባብስባታል። ቡና ሲፈላ ሌላ ክፍል ብትሆን ለእርስዋም ይቀላታል።

«አጥንት ተሰንቅሮበት ነው» ከማለትዎ በፊት

ለሃጩ የሚዝረበረብ፣ መዋጥ ያቃተው፣ የታችኛው መንጋጋው የተንጠለጠለ ወይም የጩኸቱ ድምፅ የተለወጠ ውሻ አጥንት የተሰነቀረበት ይመስላል። የእብድ ውሻ በሽታም እንደዚሁ ይጀምራል፤ የግድ መናከስ የለበትም። በተለይ ካልተከተበ ወይም ጠባዩ ከተለወጠ እጅዎን አፉ ውስጥ አያስገቡ፤ ልጆችን አርቀው፣ በር ዘግተው ሐኪም ይጥሩ። ድመትም በዚህ በሽታ ትያዛለች።

ቢነከሱ፣ ቢቧጨሩ ወይም ለሃጩ ቁስልዎን፣ ዓይንዎን ወይም አፍዎን ቢነካ ቦታውን ወዲያው ያጥቡ። ቁስሉን በሳሙናና በሚወርድ ውሃ ለ15 ደቂቃ፣ ዓይንንና አፍን በብዙ ንጹሕ ውሃ ብቻ ነው። በዚያው ቀን ለክትባት ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ። «እንስሳው እስኪለይለት ልጠብቅ» አይበሉ። ምልክቱ በሰው ላይ ከጀመረ በኋላ የሚያድን ሕክምና የለም ማለት ይቻላል፤ ከዚያ በፊት ግን ክትባቱ ያድናል።

የሰው መድኃኒት ለምን አይሰጥም?

የድመት ጉበት ፓራሲታሞልን አክሽፎ ማስወጣት አይችልበትም። አንድ ባለ 500 ሚሊ ግራም እንክብል ሊገድላት ይችላል፦ ደሟ ኦክስጅን መሸከም ያቅተዋል፣ ድዷ ቡናማ ይሆናል፣ ፊቷና እግሯ ያብጣል፣ ትንፋሽ ያጥራታል። ባለቤቱ ጉንፋኑ የባሰባት እየመሰለው ሁለተኛ እንክብል ሊሰጣት ይችላል። ማርከሻ አለ፤ ስለዚህ በስህተት ከሰጡ ሳይፈሩና ሳይደብቁ ማሸጊያውን ይዘው በፍጥነት ይድረሱ። አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ የውሻን ጨጓራ ያደማሉ፣ ኩላሊቱንም ይጎዳሉ። የጉንፋን ሽሮፖች ውስጥ ያለው የአፍንጫ መክፈቻ የልብ ምቱን ያዛባል፤ ስኳር የሌላቸው ሽሮፖች ደግሞ ውሻን የሚመርዝ ዛይሊቶል ሊኖራቸው ይችላል። ፐርሜትሪን ያለበትን የውሻ መዥገር ማጥፊያ ለድመት መቀባትም ይገድላታል።

ክትባት

ቡችሎች የዲስተምፐር፣ የድመት ግልገሎች ደግሞ የጉንፋን ክትባት ከ6 እስከ 8 ሳምንት ዕድሜ ላይ ይጀምራሉ፤ እስከ 16 ሳምንት ድረስ በየ3 ወይም 4 ሳምንቱ ይደገማል። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ብዙውን ጊዜ በ3 ወር ዕድሜ ይሰጣል። ከዚያ በኋላ መቼ እንደሚደገም በክትባት ካርዱ ላይ እንዲጻፍልዎ ይጠይቁ፤ ሰው የተነከሰ ዕለት እኛ ሐኪሞች መጀመሪያ የምንጠይቀው ያንን ካርድ ነው።