የይለፍ ቃል

«ይለፍ» የኬላ ቃል ነው፤ ወረቀት የያዘ ያልፋል፣ የሌለው ይመለሳል። ዛሬ ኬላው ሳሎን ውስጥ ብልጭ ድርግም የሚለው ራውተር ሆኗል።

ብዙው ሰው የይለፍ ቃል ሲባል የሚያስታውሰው ዋይፋይ የሚያስገባው ብቻ ነው። ራውተሩ ግን ቅንብሩን የሚከፍት ሌላም አለው፤ ይኸኛው ከፋብሪካ እንደወጣ «አድሚን» ሆኖ ዓመታት ሊቀመጥ ይችላል። የመጀመሪያውን ያወቀ ጎረቤት ኢንተርኔት ይጋራል። ሁለተኛውን የያዘ የቤቱን መስመር ወዳሻው ያዞራል።

በ2016 እ.ኤ.አ. ሚራይ የተባለው ተንኮል አዘል ፕሮግራም ብዙም ጥበብ አላስፈለገውም፤ 60 ገደማ የፋብሪካ መግቢያዎችን እየሞከረ ካሜራና ራውተር ማረከ። በኦክቶበር 21 የተማረኩት መሣሪያዎች የድረ ገጾችን አድራሻ የሚያገናኘውን ዳይን የተባለ ኩባንያ ሲያጠቁ ትዊተርና ኔትፍሊክስ ሳይቀሩ ተስተጓጎሉ።

ብሪታንያ ከኤፕሪል 2024 ጀምሮ በቀላሉ የሚገመት የፋብሪካ ይለፍ ቃል ያለው የቤት መሣሪያ እንዳይሸጥ በሕግ ከልክላለች። ዘግይታም ቢሆን!