ጭብጥ ከየት ይመጣል? ዓይነታዊ መረጃና የተንታኙ ድርሻ

እ.ኤ.አ. በ2013 መገባደጃ ሳዑዲ ዓረቢያ የመኖሪያና የሥራ ፈቃድ የሌላቸውን የውጭ ዜጎች በገፍ ማስወጣት ስትጀምር፣ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ወደ አገራቸው ተመልሰዋል። አኃዙ በረራ፣ መጠለያና በጀት ለሚያቅድ ሰው ትልቅ ነገር ነው። መመለስ ለተመላሿ ምን ትርጉም እንዳለው የሚጠይቅ ተመራማሪ ግን ሌላ ዓይነት መረጃ ይሻል። ቃለ መጠይቅ ያደርጋል፣ ድምፅ ይቀርጻል፣ የተቀረጸውንም ቃል በቃል ወደ ጽሑፍ ይገለብጣል። አሥራ አምስት ሴቶችን አነጋግሮ ሲጨርስ ጠረጴዛው ላይ የሚጠብቀው መጽሐፍ የሚያህል ጽሑፍ ነው፤ ሳቁም፣ ዝምታውም፣ መሐላውም የተቀላቀለበት።

ያን ሁሉ ቃል ወደ ግኝት የሚለውጠው ሥራ በብዙ ጥናቶች የዘዴ ምዕራፍ ውስጥ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይታለፋል፦ «መረጃው በጭብጣዊ ትንተና ተተንትኗል»። ጭብጦቹ ከየት መጡ ተብሎ ሲጠየቅ የተለመደው መልስ «ከመረጃው ወጡ» የሚል ነው። ይህ መልስ አያስኬድም። ጭብጥን የሚሠራው ተንታኙ ነው፤ መረጃውን ደጋግሞ እያነበበ፣ እየመረጠና እያገናኘ። የሠራው እሱ ከሆነ ደግሞ እንዴት እንደሠራው የማሳየት ዕዳ አለበት።

ስድስቱ ምዕራፎች

«ጭብጣዊ ትንተና» የሚለው ስያሜ አዲስ አይደለም። የሳይንስ ታሪክ ምሁሩ ጄራልድ ሆልተን በ1970ዎቹ በሳይንቲስቶች አስተሳሰብ ውስጥ የሚመላለሱ መሠረታዊ ሐሳቦችን ለማጥናት ተጠቅመውበታል፤ ሪቻርድ ቦያትዚስም በ1998 አንድ ሙሉ መጽሐፍ ጽፈውበታል። ዘዴው የዓለም ተማሪ ሁሉ መመሪያ የሆነው ግን ከ2006 ወዲህ ነው። በዚያ ዓመት በኒውዚላንድ የኦክላንድ ዩኒቨርሲቲዋ ቨርጂኒያ ብራውን እና በእንግሊዝ ብሪስቶል የሚሠሩት ቪክቶሪያ ክላርክ ለሥነ ልቦና ተመራማሪዎች አንድ ጽሑፍ አሳተሙ። ቅሬታቸው ግልጽ ነበር፦ ሁሉም ይሠራበታል፣ ስሙን የሚጠራው ግን ጥቂት ነው፣ አሠራሩም በወጉ አልተብራራም። ለዚህም ስድስት ምዕራፎች አስቀመጡ፦ ከመረጃው ጋር መተዋወቅ፣ ኮድ መስጠት (ለጽሑፉ ቁራጮች አጭር ስያሜ መለጠፍ)፣ ጭብጥ መፈለግ፣ ጭብጡን መፈተሽ፣ መበየንና መሰየም፣ በመጨረሻም መጻፍ። ተራው እንዲህ ቢደረደርም ሥራው ወደፊት ብቻ አይሄድም፤ አራተኛው ላይ የደረሰ ተንታኝ ብዙ ጊዜ ወደ ሁለተኛው ይመለሳል።

አሠራሩን ለማሳየት ብቻ የተፈጠረ ምሳሌ ይኸውና። ከጅዳ የተመለሰች የቤት ሠራተኛ «የላክሁት ብር ቤት ሠርቷል፤ እኔ ግን እዚያ ቤት እንግዳ ነኝ» ትላለች እንበል። ቸኩሎ የሚሠራ ተንታኝ በኅዳጉ ላይ «ሐዋላ» ብሎ ያልፋል። ይህ ኮድ ጉዳዩን ይጠራል እንጂ ስለ ጉዳዩ የሚናገረው የለም። «ገንዘቧ ቤተኛ፣ እሷ እንግዳ» የሚል ኮድ ግን ሐሳብ ይዟል። ሁለተኛዋ ሴት ወንድሞቿ በላከችው ገንዘብ መሬት ሲገዙ እንዳላማከሯት ትናገራለች። ሦስተኛዋ እናቷ ለእንግዳ በሚወጣው ሲኒ ቡና እንደሚሰጧት ታነሳለች። ሦስቱን የሚያያይዝ ሐሳብ ብቅ ማለት ይጀምራል፦ የተላከው ነገር በቤተሰቡ ውስጥ ቦታ ሲይዝ ላኪዋ ቦታዋን አጥታለች።

ፈተናው የሚመጣው ከአራተኛዋ ሴት ነው። እሷ ተመልሳ ሱቅ ከፍታለች፣ ቤተሰቧም ሳያማክራት ነገር አይቆርጥም። ተንታኙ ሦስት መንገድ አለው። አንደኛው እሷን «ልዩ ሁኔታ» ብሎ መተው ነው፤ ቀላል ነው፣ ሐቀኛ ግን አይደለም። ሁለተኛው ጭብጡን መጣል ነው። ሦስተኛው ወደ ጽሑፉ ተመልሶ ልዩነቱ የት ላይ እንደሆነ መፈለግ ነው። አራተኛዋ ገንዘቧን በራሷ ስም ባንክ ታስቀምጥ እንደነበር ካገኘ፣ ጭብጡ ይጠብባል፣ ይጠነክራልም፤ ጉዳዩ ከመላክ ወደ ገንዘቡ አዛዥነት ይዞራል። ይህ ለውጥ በየትኛው ቀን፣ በየትኛው ቃል ምክንያት እንደተደረገ ካልተመዘገበ አንባቢ የሚያየው የመጨረሻውን ርዕስ ብቻ ነው።

ርዕሰ ጉዳይና ጭብጥ

ብራውንና ክላርክ በኋላ በጻፏቸው ሥራዎች ደጋግመው የሚተቹት አንድ ልማድ አለ፦ የርዕሰ ጉዳይ ማጠቃለያን ጭብጥ ብሎ ማቅረብ። «የስደት ምክንያቶች»፣ «ያጋጠሙ ችግሮች»፣ «የመፍትሔ ሐሳቦች» የሚሉ ንዑሳን ርዕሶች ለኢትዮጵያ አንባቢም እንግዳ አይደሉም። እነዚህ የመጠይቁ ጥያቄዎች ናቸው፤ ተመራማሪው መስክ ሳይወጣ በፊት ቢሮው ተቀምጦ የጻፋቸው፣ አሁን ግኝት ተብለው የተመለሱ። ጭብጥ የሚባለው በአንድ ማዕከላዊ ሐሳብ የተያያዘ ትርጉም ሲሆን ነው።

ሁለቱ ምሁራን የትንተናን ጥልቀትም ይለያሉ። አንዱ እርከን ተናጋሪዋ በግልጽ ያለችውን ይይዛል፤ ሌላው ከንግግሩ ሥር ያለውን ግምት፣ እምነትና አስተሳሰብ ይፈልጋል። ኢትዮጵያዊ ተመራማሪ እዚህ ላይ ሰምና ወርቅን ማሰቡ አይቀርም። አሜሪካዊው የማኅበረሰብ ጥናት ምሁር ዶናልድ ሌቪንም በመንዝ ባደረጉት ጥናት ላይ ተመሥርተው በ1965 ባሳተሙት መጽሐፍ፣ ሰምና ወርቅ ከቅኔ ቤት አልፎ በዕለት ተዕለት ንግግር ውስጥ እንደሚኖር ተከራክረዋል። ንጽጽሩ እስከ አንድ ቦታ ይሠራል። ባለቅኔ ወርቁን አውቆ ያኖረዋል፤ ፈቺውም ቢሳሳት የሚያርመው አለ። ቃለ መጠይቅ የሰጠችው ሴት ግን የእህት ግዴታ ምን እንደሆነ የምታምነውን በንግግሯ ሥር አውቃ አልደበቀችም። ስለዚህ ተንታኙ «ማለት የፈለገችው ይህ ነው» የማለት ሥልጣን የለውም። የሚችለው «እኔ በዚህ ንድፈ ሐሳብ ዓይን ሳነበው ይህን አየሁ» ብሎ ለምን እንዳየው ማስረዳት ነው።

ስንት ሰው ይበቃል?

በዚያው በ2006 ግሬግ ጌስት፣ አርዌን በንስና ሎራ ጆንሰን በጋናና በናይጄሪያ ከሴቶች ጋር በተደረጉ 60 ቃለ መጠይቆች ላይ ያደረጉትን ምርመራ አሳተሙ። አዲስ ኮድ መገኘቱ መቼ እንደሚቆም ለማየት ፈልገው ነበር። ሙሌት የሚባለው ይህ ነጥብ በመጀመሪያዎቹ 12 ቃለ መጠይቆች ውስጥ እንደተደረሰ፣ የዋና ዋና ጭብጦች መሠረትም በ6ኛው ላይ እንደታየ ገለጹ። ከዚያ ወዲህ 12 ቁጥር በብዙ የጥናት ንድፎች ውስጥ እንደ ሕግ ትጠቀሳለች። የጥናቱ ተሳታፊዎች ግን በመጠኑ የሚመሳሰሉ፣ ጥያቄዎቹም ለሁሉም በአንድ ዓይነት የቀረቡ ነበሩ፤ ደራስያኑም ይህን አልደበቁም። ትርጉም በተንታኙ ንባብ የሚሠራ ከሆነ ደግሞ፣ «ከዚህ በኋላ አዲስ ነገር የለም» ማለት ንባቡን ለማቆም የተደረገ ውሳኔ ነው፤ ብራውንና ክላርክ በ2021 ሙሌትን የሞገቱትም ከዚሁ አቅጣጫ ነው።

ተመሳሳይ ክርክር በኮድ ስምምነት ላይም አለ። ጄከብ ኮኸን በ1960 ያቀረቡት ካፓ የተባለው መለኪያ፣ ሁለት ሰዎች ለአንድ ጽሑፍ የሰጡት ኮድ በአጋጣሚ ከሚጠበቀው በላይ ምን ያህል እንደሚገጥም ያሰላል። ቦያትዚስን በመሳሰሉ ምሁራን አካሄድ ይህ የታማኝነት ማረጋገጫ ነው። ብራውንና ክላርክ በ2019 የራሳቸውን አካሄድ ለመለየት «ራስን የሚመረምር ጭብጣዊ ትንተና» ብለው ሲሰይሙት ካፓን አልተቀበሉትም፦ ሁለት ሰው በአንድ ዓይነት እንዲያነብ ከሠለጠነ፣ ስምምነቱ የሚያሳየው ሥልጠናውን ነው። በመካከል ጄን ሪቺና ሊዝ ስፔንሰር በእንግሊዝ ለፖሊሲ ጥናት ያዳበሩት ማዕቀፋዊ ትንተና አለ፤ ኮዶች ቀደም ብለው ይዘጋጃሉ፣ መረጃው በሠንጠረዥ ይደረደራል። ብዙ ሰው በአጭር ጊዜ ለሚሠራው የጤና ወይም የትምህርት ግምገማ ይህ ይመቻል። ስህተቱ ከሦስቱ አንዱን መምረጥ አይደለም፤ ካፓን ከአንዱ፣ ሙሌትን ከሌላው፣ ስድስቱን ምዕራፎች ከሦስተኛው ወስዶ፣ እርስ በርስ እንደሚጋጩ ሳያስተውሉ አንድ ላይ መደርደር ነው።

በ2021 ብራውንና ክላርክ ለመጽሔት አርታዒዎችና ገምጋሚዎች 20 ጥያቄዎች አቅርበዋል። የትኛው ዓይነት ጭብጣዊ ትንተና ለምን ተመረጠ? ከጥናቱ ዓላማና ንድፈ ሐሳብ ጋር ይገጥማል? የቀረቡት በእርግጥ ጭብጦች ናቸው ወይስ ማጠቃለያዎች? እነዚህን ጥያቄዎች ወደ መመረቂያ ጽሑፍ መከላከያ መድረክ ማምጣት ብዙ ወጪ አያስወጣም። ፈታኙ «ስንት ሰው አነጋገርሽ?» ካለ በኋላ «ከጭብጡ ጋር ያልገጠመችውን ሴት ምን አደረግሻት?» ብሎ ሊቀጥል ይችላል። ተማሪዋ በትንተናው ወቅት የያዘቻቸው ማስታወሻዎች ካሏት መልሱ ከግማሽ ገጽ አይበልጥም፤ አንባቢም ጭብጧን ለመቀበል ወይም ለመሞገት የሚያስፈልገው እሱ ነው።