ከእንካ ሰላንቲያ እስከ ፌስቡክ
በሥነ ቃላችን ስድብ ለጨዋታ ከሚውልባቸው ዘርፎች አንዱ እንካ ሰላንቲያ ነው። ጨዋታው የሚጀመረው ተጋጣሚው ጥሪውን ሲቀበል ነው፤ ተሰዳቢውም በተራው ቤት እየመታ ይመልሳል። በአንጻሩ በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ፣ በጦርነቱ ወቅት፣ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ መምህር የነበሩትን ትግራዋዩን ፕሮፌሰር መዓረግ አማረን የሚወነጅሉ ጽሑፎች ከነፎቶግራፋቸው በፌስቡክ ተሠራጩ። ጥቅምት 24 ቀን በመኖሪያ ቤታቸው አጠገብ ተገደሉ። ልጃቸው በታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. ሜታን ናይሮቢ ላይ ከሰሰ። የጥላቻ ንግግርን የሚከለክለው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ግን ከግድያው አስቀድሞ ወጥቶ ነበር። እንግዲህ ለቀልድና ለጥቃት ድንበር የሚሆነው የቃሉ ምሬት ብቻ አይደለም። የጨዋታ ስድብ መልስ ይጠብቃል፤ ሰውን ለመንጋ የሚጠቁም ቃል ግን መልስ ሰጪውን ራሱን ያጠፋል።